የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በምን ይለካ? በችርቻሮ ንግድ ውስጥ የሚለካ የአፈጻጸም ግብ አወጣጥ

መግቢያ

አንድ የሱፐርማርኬት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የዓመቱን የሽያጭ ግብ አሳክቶ ደንበኞቹን ግን ሊያጣ ይችላል። ሌላው ደግሞ ቅርንጫፉን ከቀድሞው በተሻለ አኳኋን እየመራ «ከዕቅድ በታች» ተብሎ የማበረታቻ ክፍያው ሊቀርበት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመግባቱ በፊት በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሱፐርማርኬት የዕቃ ክፍል ሠራተኛ በነበረበት ጊዜ ሁለቱንም ዓይነት ሁኔታ ተመልክቷል። በሁለቱም ግቡ በቁጥር የተገለጸ፣ የጊዜ ገደብ ያለውና ለሁሉም ግልጽ ነበር። ችግሩ ቁጥሩ የሥራ አስኪያጁን ሥራ የማይለካ መሆኑ ነው።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብም ከዚህ ይነሣል። ለአንድ ሥራ አስኪያጅ የሚሰጥ ግብ የሚለካ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የሚለካው ነገር ሥራ አስኪያጁ በራሱ ውሳኔ ሊለውጠው የሚችለው መሆን አለበት። ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆንባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። በ2016 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብቶች ዝግ የነበረው የችርቻሮ ንግድ በመመሪያ ክፍት ተደርጓል፤ ይህም አገር በቀል መደብሮች የአመራር ሥርዓታቸውን እንዲፈትሹ ያስገድዳል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ በብር የተቀመጡ የቀድሞ ዕቅዶችን እንዳሉ መጠቀም አስቸጋሪ ሆኗል።

የንድፈ ሐሳብ መነሻ

በግብ መምራት የሚለውን አስተሳሰብ በሰፊው ያስተዋወቀው ፒተር ድራከር እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው የሥራ አመራር መጽሐፉ ነው። ድራከር ግብን ከራስን መቆጣጠር ጋር አያይዞ ያቀረበ ሲሆን፣ መለኪያው በቅድሚያ ለሥራ አስኪያጁ ለራሱ የሥራ መሣሪያ እንዲሆን ይሻል። ኤድዊን ሎክና ጌሪ ላታም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሥራቸው የብዙ ዓመታት ጥናቶችን አጠቃለው፣ ግልጽና ፈታኝ ግብ «የተቻለህን አድርግ» ከሚል መመሪያ የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ አሳይተዋል። ይህ የሚሆነው ግን ሠራተኛው ግቡን ሲቀበለው፣ ችሎታው ሲኖረውና ስለ ደረሰበት ደረጃ መረጃ ሲያገኝ ነው።

በየሥልጠናው የሚጠቀሰው «ስማርት» የተባለው የአምስት ፊደላት ምሕፃር የመጣው ጆርጅ ዶራን እ.ኤ.አ. በ1981 ካወጣው አጭር ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው ፊደል ዛሬ በአብዛኛው «ሊደረስበት የሚችል» ተብሎ ይተረጎማል። በዶራን ጽሑፍ ግን ትርጉሙ ግቡን የሚፈጽመው ማን እንደሆነ ተለይቶ ሊሰጥ የሚችል መሆኑን የሚያመለክት ነበር። ይህ ትርጉም እየተረሳ በመምጣቱ «ግቡ ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ግቡ የማን ነው?» የሚለውን ተክቶታል። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች ግብ የሚበላሸውም በአብዛኛው በዚህ በተረሳው ጥያቄ ላይ ነው።

ብር እንደ መለኪያ

ሐሳቡን ለማብራራት ለምሳሌነት ብቻ የተዘጋጁ ቁጥሮችን እንውሰድ። ቅርንጫፍ ሀ ባለፈው ዓመት በአንድ ወር ውስጥ 20,000 ደረሰኞች ቆርጦ በአማካይ በደረሰኝ 200 ብር፣ በድምሩ 4,000,000 ብር ሸጠ። በዘንድሮው ተመሳሳይ ወር 19,200 ደረሰኞች ቆርጦ በአማካይ በደረሰኝ 250 ብር፣ በድምሩ 4,800,000 ብር አስገባ። ዕድገቱ 20 በመቶ ነው። ግቡ የ15 በመቶ ዕድገት ከነበረ ሥራ አስኪያጁ ይሸለማል። ይሁን እንጂ በቅርንጫፉ የሚሸጡ ዕቃዎች ዋጋ በዚያው ጊዜ በ25 በመቶ ጨምሮ ከሆነ፣ አንድ ደንበኛ በአማካይ የገዛው የዕቃ መጠን አልተለወጠም፤ የደረሰኙ ቁጥር ግን በ800 ቀንሷል። ቅርንጫፉ የ4 በመቶ ገበያ አጥቷል፤ የተሸለመውም የዋጋ ንረቱ ነው።

ቅርንጫፍ ለ ከተመሳሳይ መነሻ ተነሥቶ የደረሰኙን ብዛት ወደ 21,000 አሳደገ እንበል። ነገር ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ዋጋቸው ከፍ ያሉ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎችን ማቅረብ ስላልቻለ አማካዩ ደረሰኝ 215 ብር ብቻ ሆነ። ጠቅላላው ሽያጭ 4,515,000 ብር፣ ዕድገቱም 13 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ሥራ አስኪያጅ 5 በመቶ ተጨማሪ ግብይት አምጥቶ ከግቡ በታች ይመደባል።

ከምሳሌው የሚወጣው ትምህርት ሽያጭን መለካት ይቅር የሚል አይደለም። ጠቅላላ ሽያጭ የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ የደረሰኝ ብዛት፣ በአንድ ደረሰኝ የተገዛ የዕቃ ብዛት እና የአንድ ዕቃ አማካይ ዋጋ። ሦስተኛውን በአብዛኛው የሚወስነው ዋናው መሥሪያ ቤትና ገበያው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን በመስተንግዶ፣ በመደርደሪያ አያያዝና በትእዛዝ አላላክ ሊለወጡ ይችላሉ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ሦስቱንም ስለሚመዘግብ፣ ለይቶ ለማውጣት ተጨማሪ ወጪ አያስፈልግም። የዋጋ ለውጡንም ከአገር አቀፍ የሸማቾች ዋጋ ጠቋሚ ከመዋስ ይልቅ፣ ቅርንጫፉ አዘውትሮ ከሚሸጣቸው 50 ያህል ዕቃዎች የራሱን ዋጋ ማስላት ይበልጥ ትክክለኛ ነው።

የአጽዋማትና የበዓላት ጊዜ

ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ማነጻጸር በአገራችን ሌላ እንከን አለበት። የትንሣኤ በዓል በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። በመሆኑም ከሚያዝያ 30 ቀናት ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት 26ቱ፣ በሁለተኛው 11ዱ ብቻ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበሩ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። የወተት፣ የቅቤ፣ የእንቁላልና የሥጋ ሽያጭ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ጨምሮ ቢገኝ፣ የሥራ አስኪያጁን ትጋት ከቀን አቆጣጠሩ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ረመዳንም በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀናት ያህል ቀድሞ ስለሚገባ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ስለዚህ ንጽጽሩ ከወር ወደ ወር ሳይሆን ከጾም መግቢያ እስከ በዓሉ ማግስት ያለውን ጊዜ ከአቻው ጋር በማገናዘብ ቢደረግ ይመረጣል።

የሥልጣን ወሰን

በቅርንጫፍ ለ የአማካዩ ደረሰኝ ማነስ የአቅርቦት እጥረት ወይስ የሥራ አስኪያጁ ድክመት መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ለዚህ የሚያገለግል ቀላል ዘዴ አለ። ተፈላጊነታቸው ከፍተኛ የሆኑ 100 ዕቃዎች ተመርጠው በሳምንት ሦስት ጊዜ መደርደሪያ ላይ መኖራቸው ይታያል። የጠፋው ዕቃ ሁሉ ከሦስት ምድቦች በአንዱ ይመዘገባል፦ በወቅቱ ታዝዞ ያልመጣ፣ በቅርንጫፉ መጋዘን እያለ መደርደሪያ ላይ ያልወጣ፣ ወይም ጭራሹን ያልታዘዘ። ለምሳሌ 18 ዕቃዎች ቢጎድሉና 11ዱ ታዝዘው ያልመጡ ቢሆኑ፣ እነዚህ የአቅራቢውና የዋናው መሥሪያ ቤት ጉዳይ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ የሚጠየቀው በቀሪዎቹ 7 ነው።

ይህ ክፍፍል የፍትሕ ጥያቄም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪን ከሌላው ሠራተኛ የሚለየው በተሰጠው ሥልጣን፣ ለምሳሌ ሠራተኛ በመቅጠር፣ በማዛወር ወይም በማሰናበት ሥልጣን ነው። ብዙ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች ማዕረጉ ቢኖራቸውም ገንዘብ ተቀባይ የሚመድብላቸው፣ ዋጋ የሚተምንላቸውና ዕቃ የሚመርጥላቸው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ሥልጣኑን ይዞ ተጠያቂነቱን ብቻ ወደ ታች ማውረድ ሥራ አስኪያጁ ግቡን ከልብ እንዳይቀበል ያደርገዋል፤ ግብን መቀበል ደግሞ ሎክና ላታም ካስቀመጧቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ ነው።

አንድ ቁጥር የሚያስከትለው መዛባት

ስቲቨን ከር እ.ኤ.አ. በ1975፣ ድርጅቶች አንዱን ውጤት እየጠበቁ ሌላውን የመሸለም ልማድ እንዳላቸው ጽፏል። ቤንግት ሆልምስትሮምና ፖል ሚልግሮም እ.ኤ.አ. በ1991 ይህን በንድፈ ሐሳብ አብራርተውታል። አንድ ሰው በርካታ ተግባራት ሲኖሩትና ከእነዚህ አንዱ ብቻ በጠንካራ ማበረታቻ ሲለካ፣ ጥረቱ ለመለካት ከሚያስቸግሩት ተግባራት ወደሚለካው ይሸሻል። በችርቻሮ ንግድ የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የታየው ነው፤ የካሊፎርኒያ የሸማቾች ጉዳይ ባለሥልጣናት የሲርስ ኩባንያን የመኪና ጥገና ማዕከላት ለደንበኞች አላስፈላጊ ጥገና ሸጠዋል ሲሉ ከሰሱ። በማዕከላቱ ሠራተኞች ላይ የሽያጭ ኮታና ኮሚሽን ተጥሎ ነበር።

ወደ ሱፐርማርኬት ስንመለስ ተቃርኖው በሽያጭና በዕቃ ጉድለት መካከል ይታያል። ምላጭ፣ ሽቶና የሕፃናት ወተት በመስታወት ሣጥን ቢቆለፉ ስርቆት ይቀንሳል፤ ደንበኛው አንሥቶ ሊያያቸው ስለማይችል ሽያጩም ይቀንሳል። ኒኮል ደሆራቲየስና አናንት ራማን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ቸርቻሪ ለሽያጭ የሚሰጠው ክብደት ጨምሮ ለዕቃ ጉድለት የሚሰጠው ሲቀንስ ሽያጩም ጉድለቱም አብረው ጨምረው ተገኝተዋል። ሥራ አስኪያጆቹ ጥረታቸውን ያዞሩት መለኪያው ወዳመለከታቸው አቅጣጫ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ መለኪያዎች ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። የእያንዳንዱ ክብደትም የድርጅቱ አመራር አስቦ የሚወስነው እንጂ በዘፈቀደ የሚተው አይደለም።

የአወጣጥ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተብራራው በመነሣት የሚከተለው አሠራር ሊቀርብ ይችላል።

በመጀመሪያ፣ ለ8 ሳምንታት ያህል ያለ ሽልማትና ያለ ቅጣት መረጃ ብቻ ይሰብሰብ። መነሻው ሳይታወቅ የሚቀመጥ ግብ ግምት ነው።

ሁለተኛ፣ መለኪያዎቹ ከአምስት አይብለጡ፦ የደረሰኝ ብዛት፣ በደረሰኝ የዕቃ ብዛት፣ በቅርንጫፉ ጥፋት ባዶ የሆነ መደርደሪያ፣ ከሽያጭ አንጻር የቆጠራ ጉድለት እና የአገልግሎት ጊዜው አልፎ የተወገደ ዕቃ።

ሦስተኛ፣ አንዱ መለኪያ የሌላው ጠባቂ ይሁን። የደረሰኝ ብዛት ብቻውን ቢለካ የአንድ ደንበኛ ግዢ በሁለት ደረሰኝ ተከፍሎ ሊቆረጥ ይችላል፤ በደረሰኝ የዕቃ ብዛት አብሮ ሲታይ ግን ድርጊቱ ወዲያው ይገለጣል። የመደርደሪያ ፍተሻውንም ከሌላ ቅርንጫፍ የሚመጣ ሰው በየጊዜው ያረጋግጠው።

አራተኛ፣ ውጤቱ በየሳምንቱ ለሥራ አስኪያጁ ይድረሰው። በዓመት መጨረሻ የሚመጣ ቁጥር ለፍርድ እንጂ ለእርማት አይረዳም።

አምስተኛ፣ ግቡ የሚሻሻልበት ሁኔታ አስቀድሞ ይጻፍ። ለምሳሌ ከታዘዘው ዕቃ የቀረበው ከተስማሙበት መጠን ካነሰ፣ በደረሰኝ የዕቃ ብዛት ላይ የተቀመጠው ግብ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል።

ማጠቃለያ

የቀረበው አሠራር ወሰን አለው። የሽያጭ መዝገባቸው በኮምፒውተር ላልተደራጀ ትንንሽ ሱቆች አይመችም፤ የሠራተኛን አያያዝና የደንበኛን እምነትም ሙሉ በሙሉ በቁጥር አይዝም። ቢሆንም በእጅ ያለውን መረጃ በመለየት ብቻ ከቅርንጫፍ ሀ እና ከቅርንጫፍ ለ ሥራ አስኪያጆች የቱ ምን እንደሠራ ማወቅ ይቻላል። ለወደፊት ተመራማሪዎች የሚቀርበው ጥያቄም ከዚህ የሚነሣ ነው፦ በአገራችን የችርቻሮ ድርጅቶች ውስጥ ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች የሚሰጠው ተጠያቂነት ከተሰጣቸው የውሳኔ ሥልጣን ጋር ምን ያህል ይመጣጠናል? የግብ ማስፈጸሚያ ቅጾችንና የሥራ መዘርዝሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በማነጻጸር የሚደረግ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ምላሽ ሊሰጥ ይችላል።