ባትሪ ለመሙላት ምን ዓይነት ጄኔሬተር ይግዙ?

በጅግጅጋ መብራት ሲጠፋ ብዙ ሳይቆይ የጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል። በቀብሪ በያህም ሆነ በቶጎ ውጫሌ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ሶላርና ባትሪ ያስገቡ ቤተሰቦች ግን ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ማስጮህ አያስፈልጋቸውም። ጄኔሬተሩን ለሁለት ሦስት ሰዓት አስነሥተው ባትሪውን ይሞላሉ፤ ከዚያ አጥፍተው በጸጥታ ያድራሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ እንደ ቤት በተሠሩ መኪኖች የሚጓዙ ሰዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ዘዴ ነው።

ገበያ ስንወጣ አብዛኞቻችን «ፍሪጁንና ካውያውን ይችላል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። ባትሪ ለመሙላት የሚገዛ ጄኔሬተር ግን የሚሸከመው ቻርጀሩን ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ቻርጀሩ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በቤትዎ ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ አለ እንበል። ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ የሚሞላው ቢበዛ 100 አምፒር-ሰዓት ያህል ነው። ባለ 30 አምፒር ቻርጀር በ14.4 ቮልት ሲሞላ ወደ ባትሪው 432 ዋት ይገባል። ቻርጀሩ የሚያባክነው ሲጨመርበት ከጄኔሬተሩ የሚፈለገው ከ500 እስከ 600 ዋት አካባቢ ይሆናል።

የከተማዋ ከፍታም ይታሰባል። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ 15 በመቶ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው። ስለዚህ ያለማቋረጥ 1,000 ዋት የሚሰጥ ጄኔሬተር 850 ያህል ይቀርለታል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ባለ 5,000 ዋቱ ይህችኑ ሥራ ሲሠራ ቤንዚን በከንቱ ይበላል።

ሲገዙ እነዚህን ይጠይቁ። ዕቃው ላይ የተጻፈው ዋት ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰጠው ከፍተኛው ነው ወይስ ያለማቋረጥ የሚሰጠው? በጄኔሬተሩ ላይ ያለችው የ12 ቮልት መውጫ ስንት አምፒር ትሰጣለች? በትንንሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ 8 አምፒር ገደማ ስለሆነች 100 አምፒር-ሰዓት ለመሙላት ከ12 ሰዓት በላይ ትወስዳለች፤ ቻርጀርን አትተካም። ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሞላለት ነው ወይስ ዘይቱ ለብቻው? መለዋወጫውን የሚያውቅ መካኒክ በከተማው አለ? ኢንቨርተር ያለው ዓይነት ዋጋው ከፍ ቢልም ጭነቱ ሲቀንስ የሞተሩን ፍጥነት ስለሚቀንስ ድምፁም ቤንዚኑም ያነሰ ነው።

የአሲድ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለው ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል፤ የመጨረሻዋ ጥቂት ክፍል ረጅም ሰዓት ትፈልጋለች። ስለዚህ ጧት ለሁለት ሰዓት ያህል ጄኔሬተሩን አስነሥቶ ቀሪውን ለፀሐይ መተው ያዋጣል። የካራን ዝናብ መጥቶ ደመናው ቀናት ሲቆይ ግን አልፎ አልፎ እስኪሞላ ድረስ መሙላት ያስፈልጋል። ባትሪዎ ሊቲየም ከሆነ ለእሱ የተሠራ ቻርጀር ይግዙ።

ከዋጋውም ከዋቱም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ጄኔሬተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ትንሽ ጄኔሬተር በአንድ እጅ ይነሣል፤ ሌባና ዝናብ ስንፈራም ወደ ኩሽና ወይም ወደ በረንዳ እናስገባዋለን። ከሰል ለኩሰው፣ በር ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ታሪክ ያልሰማ የለም። ከጄኔሬተር ጭስ ጋር የሚወጣውም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። መስኮት መክፈት ብቻውን አያድንም። ጄኔሬተሩ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭሱ መውጫ ከበርና ከመስኮት ዞሮ ይቀመጥ። ለሌባ ሰንሰለት፣ ለዝናብ ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ ይበቃል። ግቢዎ ጠባብ ከሆነ የጎረቤትን መስኮትም ያስቡ።

ጄኔሬተሩ እየሠራ ከቤተሰቡ አንዱ እንኳ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው ሁሉንም ይዘው ወደ ውጭ ይውጡና ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሕፃናት ቶሎ ይጎዳሉ፤ አረጋውያንም እንዲሁ።

ባትሪውም የራሱ ጥንቃቄ አለው። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ በእሳት የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ዕጣን ወይም ዑንሲ ከሚጨስበት ክፍል ይራቅ፤ አየር የሚገባበትና ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ቤንዚኑን ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይሙሉ፤ ጀሪካኑ መኝታ ቤት አይደር።

ማታ በር ከመዝጋትዎ በፊት የሞተሩን መጥፋት ያረጋግጡ። ባትሪ የተገዛው ቤተሰቡ ሲተኛ ሞተሩም እንዲያርፍ ነው።