ወደ ጕሮሮ ስለሚገባ መሣሪያ ንጽሕና

ከቤተ ሰባችን አንዱ ለኦፕራሲዮን ወደ ሐኪም ቤት በሚገባበት ጊዜ ስለ ሐኪሙ ዕውቀት አጥብቀን እንጠይቃለን። በሰመመን ተኝቶ ሳለ ወደ ጕሮሮው ስለሚገባው መሣሪያ ግን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ነገር ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

በከባድ ኦፕራሲዮን ጊዜ ሕመምተኛው በራሱ ኃይል ለመተንፈስ ስለማይችል፣ ባለሙያው ላሪንጎስኮፕ በሚባል መብራት ባለው መሣሪያ ምላሱን አንሥቶ የአየር ቧንቧ ያስገባለታል። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትን ቆልማማ ብረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ያወጣው በኦክስፎርድ ያስተምር የነበረው ፕሮፌሰር ሮበርት ማኪንቶሽ ነው። ይህን ብረት ምራቅ ይነካዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ለዓይን የማይታይ ደም ይቀርበታል። በምርመራ እንደ ታወቀው፣ ደም በብረቱ ብቻ ሳይሆን ባለሙያው በሚይዘው እጀታ ላይም ተገኝቷል። እንግዲህ በሚገባ ሳይጸዳ ለሌላው ቢሠሩበት፣ የአንዱን በሽታ ለሌላው ማቀበል ይሆናል።

መሣሪያው ከጕሮሮ እንደ ወጣ ከንጹሖቹ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይቀመጥ። ደሙና ምራቁ ሳይደርቅበት በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ የደረቀ ደም ሚክሮቡን ከሙቀትና ከመድኃኒት ይከልለዋልና። ከዚህ በኋላ ሙቀት የሚችለው ብረት በታመቀ እንፋሎት፣ በ134 ዲግሪ 3 ደቂቃ፣ ወይም በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ ይቆይ፤ ሙቀት የማይችለው በብርቱ ሚክሮብ ገዳይ መድኃኒት ይነከር። በመጨረሻም ደርቆና ተሸፍኖ ይጠበቅ። በአልኮል ጠረግ አድርጎ ማለፍ ብቻ አይበቃም።

አንድ ጊዜ ተሠርቶበት የሚጣል መሣሪያም አለ። ነገር ግን አዲስ የሆነ ሁሉ መልካም አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከላም እብደት የመጣው፣ በተለመደው እንፋሎት የማይጠፋው በሽታ ስላስፈራ፣ በ2001 መጀመሪያ የቶንሲል ኦፕራሲዮን በሚጣል መሣሪያ ብቻ እንዲሠራ ታዘዘ። ዳሩ ግን የሚደሙት ሕመምተኞች ስለ በዙ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሐኪሞቹ ወደ ቀድሞው መሣሪያ እንዲመለሱ ተፈቀደ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ የሚጣለውም መሣሪያ ለሥራው የሚበቃ መሆኑ አስቀድሞ ሊመረመር ይገባዋል።

የሐኪም ቤት አስተዳደር በእጃቸው ያለ ሹማምንት በጀት ሲያዘጋጁ ይህን እንዲያስቡ እናሳስባለን። ብረቱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሁለተኛው ሕመምተኛ በር ላይ ቆሞ ሳለ የሚያጥበው ሰው መቸኰሉ አይቀርም፤ ብረቱ ሲበዛ ግን ለማጽዳት ጊዜ ይገኛል። የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶችም «መሣሪያው እንዴት ይጸዳል?» ብላችሁ በትሕትና ብትጠይቁ፣ ሐኪሙን መጠራጠር ሳይሆን የታመመውን መጠበቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።