ተጨማሪ መረጃ፦ አዋሽ በኢምፕሬሽኒስት ዓይን
ኢምፕሬሽኒዝም የተባለው የሥዕል ስልት የፈረንሳይ ወንዞችና ወደቦች ጭጋግ የወለደው ስለሆነ ለስምጥ ሸለቆ ጠራራ ፀሐይ አይሆንም የሚል ክርክር ይነሳል። መነሻ የሌለው ክርክር አይደለም፤ ለስያሜው ምክንያት የሆነው የክሎድ ሞኔ ሥዕል (1872 እ.ኤ.አ.) ጭጋግ የሸፈነውን የለ አቭር ወደብ ንጋት ያሳያል። ይሁን እንጂ ሞኔ ራሱ በ1884 እ.ኤ.አ. ቦርዲጌራ በተባለች የጣሊያን የባሕር ዳርቻ ከተማ ደማቁን ፀሐይ የሳለው በዚያው ስልት ነው፦ ቀለሞችን ሳያዋህድ በአጫጭር የብሩሽ ምት ጎን ለጎን እያኖረ፣ ጥላንም በጥቁር ሳይሆን በሰማያዊና በሐምራዊ እያሳየ። ስልቱ የሚጠይቀው የሰዓቱን ብርሃን ልብ ብሎ ማየትን እንጂ ጭጋግን አይደለም። ከአዳማ በስተ ደቡብ፣ በወንጂ አጠገብ የሚያልፈው የአዋሽ ወንዝ ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው፤ በክረምት ደለል ያደፈረሰው ቡናማ ውሃ እንኳ ጠዋት የሰማዩን፣ ማታ የጀንበሯን ብርቱካንማ ቀለም በገጹ ላይ ይቀበላል።