ስለ ወይራ ጥቅምና ስለ ዘይቱ ደረጃ

ወይራ በአገራችን ለማንም እንግዳ የሆነ ዛፍ አይደለም። የኖኅ ርግብ ይዛው የተመለሰችው ቅጠል የወይራ መሆኑን ክርስቲያኑ ያውቃል፤ ስሙ በቁርኣን በክብር መጠራቱንም ሙስሊሙ ያውቃል። ይሁን እንጂ በደጋችን ከጥድ ጋር የሚበቅለው ወይራና ዘይቱ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣልን የሜዲቴራኒያን ወይራ ዘመዳሞች ሆነው ሳለ ጥቅማቸው ለየብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣውም ዘይት ስሙ አንድ ይምሰል እንጂ ደረጃው ብዙ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ለአስመጪውና ለባለሱቁ ገንዘብ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከገንዘብ በላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አገራችን ወይራ እንናገር። ፍሬው ደቃቅ ሥጋውም ስስ ስለሆነ ለዘይት ጭመቃ አይበቃም፤ ጥቅሙ ያለው በእንጨቱና በቅጠሉ ነው። የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ጢሱ ለመጠጡ መዓዛ ይሰጣል፤ ወተቱንም ለማቆየት ይረዳል። ቀጭኑ ቅርንጫፍ የጥርስ መፋቂያ ይሆናል፤ ጠንካራው እንጨት ደግሞ ምርኩዝና የመሣሪያ እጀታ ይወጣዋል።

እዚህ ላይ ከዐረብ አገሮች ጋር የሚጻጻፍ ነጋዴ አንድ ነገር ያስተውል። እኛ «ዘይቱን» የምንለውን ፍሬ ዐረቦች «ጀዋፋ» ይሉታል፤ እነርሱ «ዘይቱን» የሚሉት ግን ወይራን ነው። ስለዚህ በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ ይህ ቃል በገባ ጊዜ የተፈለገው የትኛው ፍሬ እንደሆነ አስረድቶ መጻፍ ይገባል።

የሜዲቴራኒያን ወይራ ፍሬ ከዛፉ እንደ ተለቀመ ቢቀምሱት እጅግ መራራ ነው። መራራነቱ እስኪወጣለት ድረስ በጨው ውሃ ወይም በሌላ መንገድ ይዘጋጃል። አረንጓዴውና ጥቁሩ የሁለት ዛፍ ፍሬ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ልዩነቱ ግን የመብሰል ነው። በቆርቆሮ ከሚመጣው ጥቁር ፍሬ አንዳንዱ አረንጓዴ ሆኖ ተለቅሞ በፋብሪካ የጠቆረ ነው፤ ጥቁረቱን ለማጽናት የብረት ጨው ሲጨመርበት በማሸጊያው ላይ «ኢ 579» ተብሎ ይጻፋል። ቆርቆሮው ከተከፈተ በኋላ ፍሬው ወደ ብርጭቆ ዕቃ ተዛውሮ የጨው ውሃው ሳይጐድልበት በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ።

ወደ ዘይቱ ስንመጣ ዋና ዋናዎቹ ደረጃዎች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ «ኤክስትራ ቨርጂን» የሚባለው ያለ ኬሚካልና ያለ ብርቱ ሙቀት ከፍሬው ብቻ የወጣ፥ በጣዕሙም እንከን የሌለበት ነው። በ100 ግራም ውስጥ ያለው አሲድ ከ0.8 ግራም አይበልጥም።

2ኛ፤ «ቨርጂን» የሚባለውም አወጣጡ እንደ መጀመሪያው ነው፤ አሲዱ ግን እስከ 2 ግራም ሊደርስ ይችላል።

3ኛ፤ ያለ ምንም ቅጽል «የወይራ ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው በፋብሪካ የተጣራ ዘይት ከቨርጂን ጋር የተደባለቀ ነው። አሲዱ ከ1 ግራም አይበልጥም። ይህ ቍጥር ከሁለተኛው ማነሱ በማጣራት የመጣ ነውና በቍጥሩ ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

4ኛ፤ ፍሬው ከተጨመቀ በኋላ ከሚቀረው ፋጉሎ በኬሚካል ተስቦና ተጣርቶ ከቨርጂን ጋር የሚደባለቅ ዘይት አለ። ጣልያኖች «ሳንሳ»፥ እስፓኞች «ኦሩሆ»፥ እንግሊዞች «ፖማስ» ይሉታል። ለመብል የሚሆን ነው፤ ነገር ግን «የወይራ ዘይት» ብቻ ብሎ መሸጥ አይፈቀድም። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መደብም ሦስቱ የፊተኞቹ በ1509 ሲገቡ ይህ በ1510 ይገባል።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ ከውጭ አገር ዘይት አዘዙ፤ ዋጋው ከሌላው ዝቅ ያለ ስለ ነበር ሁላችንም ደስ አለን። በቆርቆሮው ላይ የወይራ ዝንጣፊ ተስሎ፥ ከበታቹ በደቃቅ ፊደል «ሳንሳ» ተብሎ ተጽፏል። ፋቱራውን ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ ቃሉን የፋብሪካው ስም መስሎኝ አለፍሁት። ዘይቱም በአንደኛ ደረጃ ዋጋ ለባለሱቆች ተከፋፈለ። ከአንድ ወር በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ የሆቴል ወጥ ቤት ኀላፊ ቆርቆሮውን ይዘው መጡና «ወንድሜ፥ እኔ የከፈልሁት ለፍሬው ነው፤ የሰጣችሁኝ ግን የፋጉሎውን ነው» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ነጋዴው የዋጋውን ልዩነት ለየደንበኛው መለሱ፤ እኔንም «የማታውቀውን ቃል ጠይቅ እንጂ አትለፈው» ከማለት በቀር አልተቈጡኝም።

የእኛ ስሕተት በገንዘብ ተመለሰ፤ በገንዘብ የማይመለስም አለ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1981 በእስፓኝ አገር እንግዳ በሽታ ገብቶ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ታመመ፤ ከ300 በላይ የሚሆነውም ሞተ። ሲመረመር ለምግብ እንዳይውል አኒሊን የሚባል ኬሚካል የተጨመረበት የጎመን ዘር ዘይት፥ ተጣርቶና ምልክት በሌለው ዕቃ ተሞልቶ «የወይራ ዘይት ነው» እየተባለ በየመንደሩ ይሸጥ ኖሯል። ከሻጮቹም አንዳንዶቹ በ1989 ተፈረደባቸው። እንግዲህ ምንጩ ያልታወቀና ምልክት የሌለው ዘይት በምንም ዋጋ ቢረክስ አይገዛም።

ስለ ምግብ አሠራሩ ደንበኛ የጠየቀ እንደሆነ፥ ኤክስትራ ቨርጂን ለሰላጣ፥ ለፉል፥ ለበሰለ አትክልትና ለዳቦ የተመረጠ ነው። ለመጠነኛ ቍሌትም ይሆናል፤ ነገር ግን እሳቱ በርትቶ ሲቈይበት መዓዛው ስለሚጠፋ ለረጅም ጥብስ በሦስተኛው ደረጃ መጠቀም ገንዘብን ማዳን ነው።

ስለ መድኃኒትነቱ ግን ባለሱቅ አንደበቱን ይቈጥብ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2004፥ በቀን 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል የወይራ ዘይት በቅቤና በመሳሰለው ስብ ምትክ ቢበላ ለልብ ሕመም የመጋለጥን አደጋ ሊቀንስ ይችላል ተብሎ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ማስረጃው ውሱን መሆኑም አብሮ እንዲገለጽ አዝዟል። የደረቀ የጆሮ ኵክ ለማለስለስም ጥቂት ጠብታ ይረዳል፤ የጆሮው ታምቡር የተበሳ ከሆነ ግን ክልክል ነው። የቅጠሉን ሻይ ለደም ግፊት የሚጠጡ አሉ፤ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከዚህ አልፎ «ፈዋሽ ነው» ብሎ መሸጥ ደንበኛን ማታለል ነው።

በመጨረሻም ስለ አያያዙ። የወይራ ዘይት ጠላቶቹ ብርሃን፥ ሙቀትና አየር ናቸው። ጠርሙሱን ለማማር ብሎ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት የሚደረድር ባለሱቅ ዕቃውን በገዛ እጁ ያበላሻል፤ እንደ ወይን ጠጅ ሲቈይ የሚሻለው መስሎት የሚያከማችም እንዲሁ ነው። አንድ ሊትር ዘይት 916 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፥ 5 ኪሎ የተጻፈበት ቆርቆሮ 5 ሊትር ተኩል ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ሁለት ዋጋ ከማነጻጸር በፊት መለኪያው ኪሎ ወይስ ሊትር መሆኑ ይታይ።

እንግዲህ አስመጪው ከማዘዙ በፊት ደረጃውን በጽሑፍ ያስረግጥ፤ ባለሱቁም ደቃቁን ፊደል ለደንበኛው ያንብብለት። የፋጉሎውን ዘይት በስሙና በዋጋው የሚሸጥ ነጋዴ የሚያፍርበት ነገር የለውም፤ ደንበኛውም ተመልሶ ይመጣል።