ስለት ያለው መሣሪያ በትራክተር ሲጫን

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፍላጻ ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው፣ ማንንም እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ይህን ትእዛዝ ዛሬ ከኮንሶ ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወይጦ እናስበው። ለማንጎና ለሽፈራው ዛፍ መከርከሚያ የሚሆነው ገጀራ፣ መጥረቢያና የሞተር መጋዝ ሁሉ በትራክተር ተሳቢ ተጭኖ ወደ ማሳ ሲሄድ፣ ሠራተኛውም ከላይ ሲቀመጥ አደጋው ይጀምራል።

ተሳቢ በጎርባጣ መንገድ ሲንገጫገጭ ያልታሰረ ብረት ይዘላል። ስለዚህ ስለት ያለውን ሁሉ አፎት እናልብሰው፤ አፎት ከሌለ በወፍራም ጆንያ ጠቅልለን እንሰረው። የሞተር መጋዙን አጥፍተን፣ ሰንሰለቱን ሸፍነን፣ ከተሳቢው ግድግዳ ጋር በገመድ እናጥብቀው። ከጎን የወጣ እጀታ መንገደኛን ይመታልና ወደ ውስጥ እንመልሰው።

ቆላ ነውና ቤንዚን በሙቀት ያብጣል፤ ትነቱም ፈጥኖ ይቀጣጠላል። ጀሪካኑን እስከ አፉ አንሙላ፤ ክዳኑን አጥብቀን ከጭስ ማውጫው አርቀን በጥላ እናስቀምጠው። መጋዙም ሳይቀዘቅዝ ነዳጅ አይጨመርበት።

ሰውን ከመሣሪያ ጋር አንጫን፤ በትራክተሩ ፓራፋንጎ ላይም አናስቀምጥ። መውደቅ ማለት ጎማ ሥር መግባት ነውና።

ማታ ስንመለስ መሣሪያውን ጠርገን፣ ዘይት ቀብተን፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ እንቆልፍበት። ገመድና ጆንያ ብዙ ወጪ አይጠይቁም፤ የተቆረጠ እግር ግን አይመለስም። የወንድማችንን አካል መጠበቅ አማና ነው።