መስማት በርካሽ፣ መናገር በውድ፤ የአማተር ሬዲዮ ባትሪ በሸሕዲ ፀሐይ

አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ውስጥ፣ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ የተባለ ጣቢያ አለ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው፤ «ኢቲ» ለአገራችን ከተመደቡት የጥሪ መለያዎች አንዱ ነው። አማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ያለ ክፍያና ያለ ንግድ፣ ለትምህርት፣ ለሙከራና በችግር ጊዜ ለመደራረስ የሚነጋገሩበት ነው። የስልክ ማማም ኢንተርኔትም አይፈልግም።

እንበልና ከአባላቱ አንዱ የሞገድ ፈቃዱን ይዞ፣ የአካባቢውን አስተዳደር አስፈቅዶ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ በመተማ ቆላ ወደምትገኘው ሸሕዲ ወረደ። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ7 ሜጋኸርዝ የተላከ ድምፅ ቀን ቀን ሽቅብ ወጥቶ፣ ከላይኛው ከባቢ አየር ነጥሮ ይህን ርቀት ይሸፍናል። አንቴናው በሁለት ክንድ የተዘረጋ 20 ሜትር ሽቦ ነው፤ ሁለት ግራር ከተገኘ ይሰቀላል። የሚያስቸግረው መብራት በሌለበት ሬዲዮው ምን ይብላ የሚለው ነው።

ብዙዎቹ ሬዲዮዎች የተሠሩት ለ13.8 ቮልት ነው። የ100 ዋት ሬዲዮ ሲያዳምጥ 1 አምፒር ያህል ይበቃዋል፤ ሲናገር ግን እስከ 20 አምፒር ይስባል። የንግግር ድምፅ ከፍ ዝቅ ስለሚል አማካዩን 10 እንበለው። በሰዓት 15 ደቂቃ ተናግሮ 45 ደቂቃ የሚያዳምጥ ሰው ከ3 አምፒር ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ይፈጃል፤ ባለ 20 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ 6 ሰዓት ያህል ያቆየዋል ማለት ነው።

ለመቆጠብ ቀላሉ መንገድ ኃይልን መቀነስ ነው። 100 ዋቱ ወደ 25 ቢወርድ፣ በተቀባዩ ሬዲዮ የሞገድ መለኪያ ላይ የሚታየው ልዩነት አንድ ደረጃ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሰው ልዩነቱን ልብ ላይል ይችላል፤ ባትሪው ግን እፎይ ይላል።

የመኪና ባትሪስ? ሞተር ለማስነሳት ለአፍታ ብዙ እንዲሰጥ የተሠራ ስለሆነ፣ ቀስ በቀስ ተመጥጦ እስከ ታች ሲወርድ ይጎዳል። በዚያ ላይ የቆላው ሙቀት አለ። መጋቢትና ሚያዝያ በመተማ 40 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም፤ እንደ መኪናው ያለ የሊድ ባትሪ ዕድሜ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ያጥራል። ባትሪ ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ባትሪውን የሚሞላው ሶላር በተቃራኒው ፀሐይ ላይ መዋል አለበት፤ ሙቀት ግን እሱንም ይበድለዋል። ፓኔል የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ያጣል። እኩለ ቀን ላይ ገጹ 65 ዲግሪ ቢደርስ፣ ባለ 100 ዋት ፓኔል 84 ዋት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ቆርቆሮ ላይ አይለጠፍም፤ ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፍ ይደረጋል። ከሶላር ወደ ባትሪ የሚያገናኘው ተቆጣጣሪ ዝዝ የሚል ድምፅ ወደ ሬዲዮው ከለቀቀ፣ እያዳመጡ ሳለ ሶላሩን መንቀል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሽቦው ነው። ቀጭን ሽቦ ተረዝሞ ተቃውሞው 0.1 ኦም ቢደርስ፣ በ20 አምፒር 2 ቮልት ይበላል። ያኔ ሬዲዮው ሲያዳምጥ ደህና ነው፤ ባለቤቱ አፉን ሲከፍት ድርግም ይላል። ሰውዬው ባትሪውን ይራገማል፤ ጥፋቱ ግን የሽቦው ነው። ሽቦው ወፍራምና አጭር ይሁን፤ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ፣ በፖዘቲቩ በኩል ይግባ።

ፀሐይዋ በሱዳን በኩል ስትጠልቅ መሙላት ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ያለው የተቋጠረው ብቻ ነው። ቶሎ ባዶ እጁን የሚቀረው ጥሪውን እየደጋገመ የሚጮኸው ነው። ልምድ ያለው አስቀድሞ ሞገዱን ይቃኛል፤ ማን እንዳለ ይለያል፤ ከዚያ በትንሽ ኃይል አጭር ቃል ይልካል። አዳምጦ የሚናገር ባትሪው ያድርለታል።