ከጉድጓዱ በላይ የሚቈፈረው ቦይ



በተዳፋት ቦታ ላይ ቤት የሠራ ሰው ክረምት ከመግባቱ በፊት ዶማ ይዞ ወደ ጓሮው መውጣቱ የታወቀ ነው። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ግድግዳውን እንዳይመታበት አግድም ቦይ ይቀድና ውኃውን በጎን አሳልፎ ይሰደዋል። ገበሬውም በእርሻው ራስጌ ይህንኑ ያደርጋል፤ ቦዩንም የጎርፍ መቀልበሻ ይለዋል። ሁለቱም ጎርፍን ከገባ በኋላ ከማስወጣት ይልቅ ሳይገባ መመለስ እንደሚቀል ያውቃሉ። ዛሬ የምንናገረው ይኸው ዕውቀት የድንጋይ ከሰል በሚቈፈርበት ስፍራ ስላለው ጥቅም ነው።

የከሰሉ ንብርብር ከምድር ገጽ ያልራቀ እንደ ሆነ ዋሻ መቈፈር አያሻም። በላዩ ያለው አፈርና ድንጋይ ይገፈፍና ከሰሉ በግልጽ ሰማይ ሥር ይዛቃል። በዚህ አሠራር ታላቅ ጉድጓድ ይከፈታል፤ የተገፈፈውም አፈር በአጠገቡ እንደ ኮረብታ ይከመራል። በጉድጓዱና በክምሩ ላይ የሚወርደው ዝናብ መቈሸሹ የማይቀር ነው። ከእነርሱ በላይ ባለው ሣርና ደን ላይ የወረደው ውኃ ግን ገና ንጹሕ ነው። ሁለቱ እንዳይገናኙ ማድረግ የመሐንዲሱ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ቢገናኙስ ምን ጉዳት አለው? አስቀድሞ ደለል አለ። ልቅ የሆነውን አፈር እየጠረገ የሚወርድ ጎርፍ የወንዙን ወለል ይሸፍናል፤ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበትን ጠጠርም ይደፍናል። ከዚህ የሚከፋው ግን መጀመሪያ በዓይን የማይታየው ነው። በብዙ ስፍራ ከከሰሉ ጋራ ፒራይት የሚባል የብረትና የድኝ ውሑድ ይገኛል። ይህ ማዕድን ከመሬት በታች ተሸፍኖ ሲኖር ጉዳት የለውም፤ ቁፋሮው ከአየርና ከውኃ ጋራ ባገናኘው ጊዜ ግን ሰልፈሪክ አሲድ ይወጣዋል። አሲዱም ከድንጋዩ ውስጥ ብረትን፣ ማንጋኒዝንና አሉሚኒየምን እያሟሟ ይዞ ይሄዳል። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት ከአሮጌ የከሰል ጉድጓዶች በወጣ ውኃ ወለላቸው ብርቱካንማ ቢጫ የሆኑ ወንዞች ብዙ ናቸው። የማዕድን ሠራተኞቹም ያንን ዝቃጭ «ቢጫው ልጅ» ብለው ሰይመውታል። ስሙ የፍቅር ይመስላል፤ ልጁ ግን በገባበት ወንዝ ዓሣ አያስቀምጥም።

መጠኑንም እናስላ። ከጉድጓዱ በላይ 100 ሄክታር ተዳፋት አለ እንበል። በአንድ ቀን 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብበት የወረደው ውኃ 50,000 ኩብ ሜትር ነው። ግማሹን መሬት ቢጠጣው እንኳ 25,000 ኩብ ሜትር ይቀራል፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው 20 ኩብ ሜትር የሚይዙ 1,250 ቦቴ መኪናዎችን ይሞላል። ይህ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ከገባ በፓምፕ መሳብ፣ በማጥለያ ኩሬ ማሳደር፣ አሲድ ያለበትም እንደ ሆነ በኖራ ማከም ግድ ይሆናል። ከሰማይ ሲወርድ ግን ይህን ሁሉ ወጪ የማይጠይቅ ንጹሕ ውኃ ነበረ።

የአሜሪካ ሕግ ይህንን ልዩነት በግልጽ ያስቀምጠዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት የገጸ ምድር ማዕድን ሕግ መሠረት በወጡት ደንቦች፣ ከተቈፈረው መሬት የሚወርደው ውኃ በማጥለያ ኩሬ እንዲያልፍ ታዝዟል፤ ካልተነካው መሬት የሚመጣው ግን በቦይ ተቀልብሶ እንዲያልፍ ተፈቅዷል። የቦዩም ስፋት በግምት አይወሰንም። ጊዜያዊው ቦይ በአማካይ በ2 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣውን የ6 ሰዓት ዝናብ፣ ቋሚው ደግሞ በ10 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣውን ማሳለፍ አለበት። የሚቀለበሰው ወንዝ የሆነ እንደ ሆነ ልኩ ወደ 10ና ወደ 100 ዓመት ከፍ ይላል። በነገራችን ላይ፣ የ100 ዓመት ጎርፍ ማለት በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል ያለው ጎርፍ ማለት ነው እንጂ ዘንድሮ ከመጣ እስከ መቶ ዓመት አይመለስም ማለት አይደለም፤ ይህንን የሚስቱት የተማሩ ሰዎች ጭምር ናቸው።

ሥራው ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ቦዩ የተዳፋቱን ወገብ ይዞ በጥቂቱ እያዘቀዘቀ ይሄዳል። ቁልቁለቱ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ውኃው ራሱ ቦዩን እየበላ ገደል ያደርገዋል፤ ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ ደለል ይሞላውና በመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ወደ ጉድጓዱ ይገነፍላል። ስለዚህ ለስላሳ በሆነው ስፍራ ሣር ይተከልበታል፤ ቁልቁል በሚሆንበትም ድንጋይ ይነጠፍበታል። መጨረሻው ላይም ውኃው ኀይሉን የሚያጣበት የድንጋይ ንጣፍ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ መጨረሻ ነው፤ ማዕድኑን አድኖ የጎረቤትን ማሳ የሚሸረሽር ቦይ እንደ ተሠራ አይቈጠርም።

ውኃ ወደ ጉድጓድ ከገባ በኋላ የሚሆነውን በአውስትራልያ ተመልክተናል። በጥር ወር 2000 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008፣ በኩዊንስላንድ ግዛት በኤመራልድ ከተማ አጠገብ የኖጎዋ ወንዝ ሞልቶ የኤንሻምን የከሰል ጉድጓዶች አጥለቀለቀ፤ አፈር የሚገፍፈውም ግዙፍ መኪና በውኃ ተዋጠ። ወደ ጉድጓዶቹ የገባው ውኃ ከ100 ሚሊዮን ኩብ ሜትር በላይ ነበር፤ ስቦ ለማውጣትም ብዙ ወራት ፈጀ። ውኃው በዚያ ሲቆይ ጨው ይዞ ነበርና፣ ወደ ወንዙ በተለቀቀ ጊዜ ከዚያው ወንዝ የሚጠጡት የታችኞቹ ከተሞች ነዋሪዎች በመጠጥ ውኃቸው ላይ አቤቱታ አነሡ። በማዕድኑ ሥራ እጃቸው ያልነበረ ሰዎች የጉድጓዱን ውኃ በቧንቧቸው አገኙት።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ በቪክቶርያ ግዛት የያሎርን ከሰል ማዕድን ግድግዳ ተንዶ የላትሮብ ወንዝ ወደ ጉድጓዱ ገባ። ሰው ባይሞትም በከሰሉ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ኀይሉን ለመቀነስ ተገደደ። የመንግሥት ምርመራ እንደ ገለጠው ግድግዳውን የገፋው በከሰሉ ስንጥቆች ውስጥ የገባ ውኃ ግፊት ነው። ስለዚህ መቀልበሻው ቦይ ከጉድጓዱ አፍ ርቆ መቈፈር አለበት፤ ውኃ የሚያሰርግ መሬት ሲያጋጥምም በሸክላ አፈር ወይም በሌላ ውኃ በማያሳልፍ ነገር መለበድ ይገባዋል። ከጠርዙ አጠገብ ሆኖ የሚያንጠባጥብ ቦይ ጨርሶ ካልተቈፈረው የባሰ ነው።

በአገራችን የድንጋይ ከሰል ከሚገኝባቸው ስፍራዎች መካከል እንደ ያዩና ዴልቢ ሞዬ ያሉት ዝናብ እጅግ በሚበዛበት በደቡብ ምዕራብ ይገኛሉ። የቁፋሮ ማመልከቻ በጠረጴዛው ላይ ያረፈለት የመንግሥት ሠራተኛ መሐንዲስ ባይሆንም፣ ካርታውን ዘርግቶ ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይችላል፤ ከጉድጓዱ በላይ የሚወርደው ውኃ በየት ያልፋል? ቦዩ በማን መሬት ላይ ያበቃል? በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ደለሉን የሚጠርገው ማን ነው? የሦስተኛው መልስ በካርታ ላይ አይገኝምና አመልካቹ በጽሑፍ እንዲያቀርበው ማድረግ ያስፈልጋል።